መልስ፦ አባቴ ማታ ቅቤ የበዛበት ወጥ ሲበሉ ሌሊት ደረታቸውን ለምን ያቃጥላቸዋል?

ቅባት ከጨጓራ ቶሎ አይወጣም፤ በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መካከል ያለውን መዝጊያ ጡንቻም ሊያላላው ይችላል። አሲዱ ሽቅብ ይወጣና ቧንቧውን ይለበልበዋል። ለዓመታት ሲደጋገም የቧንቧው ውስጠኛ ሽፋን ሊቆስል፣ ሊለወጥም ይችላል።

የደሴ ብርድ ቅቤ ያስመኛል፣ ጨርሰው ይተዉ አልልሽም፤ ግን ወደ ምሳ ይዙር። እራት ከመኝታ 3 ሰዓት በፊት፣ ዘይት ያልበዛበት ሽሮ ይበቃል። ትራስ አትደራርቢላቸው፤ ወገባቸውን አጥፎ ሆዳቸውን ይጫነዋል። ይልቅ ከአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚያነሳ ጠንካራ እንጨት አስገቢ።

አደራ፣ የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን መድኃኒት ኦሜፕራዞልን እየገዙ መክረም ቃሩን አብርዶ የባሰ በሽታን ሊሸፍን ይችላል። እንጀራ ሲውጡ ደረታቸው ላይ ከተሰነቀረ፣ ከከሱ ወይም ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ውሰጃቸው፤ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ የምግብ ቧንቧንና ጨጓራን ማየት) ያስፈልጋቸዋል።