የሕግ ምክር፦ "እኔ ሼር ነው ያደረኩት፣ አልፃፍኩትም" ብዬ ነፃ እወጣለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዳማ ነኝ። 7 ሺህ ምናምን ፎሎወር ያለው የፌስቡክ ፔጅ አለኝ። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያየሁትን የተገደለ ልጅ ፎቶ "ዛሬ ሰፈራችን የተፈፀመ" ከሚለው ፅሁፍ ጋር ለጠፍኩት። ፎቶው የቆየና የሌላ ሀገር እንደሆነ ሰው ሲነግረኝ፣ ከለጠፍኩት ከ2 ሰዓት በኋላ አጠፋሁት፣ ግን እስከዛ ወጣቶች ወጥተው የአንድ ሱቅ መስታወት ሰብረዋል። ፖሊስ ለሐሙስ መጥሪያ ሰጥቶኛል። ፅሁፉ የኔ አይደለም፣ እጠየቃለሁ? ፌስቡክስ አይጠየቅም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ላፅናናህ ብዬ አልዋሽህም፣ አልፃፍኩትም ማለት ብቻውን አያድንህም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የሚለው ሐሰተኛ መረጃን ያሰራጨ ነው፣ የፃፈ ብቻ አይደለም። ላይክና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠሩም ብሎ ለይቶ አውጥቷቸዋል፣ ፔጅህ ላይ መለጠፍን ግን አላወጣውም።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሐሰት መሆኑን ታውቅ ነበር ወይስ ማወቅ ነበረብህ የሚለው ነው። እንደማታውቅ አምንሃለሁ፣ ግን "ማወቅ ሲገባው" የሚለው ነው የሚያስቸግርህ። የላክልኝን ስክሪንሾት ሰፋ አርጌ አየሁት፣ ከልጁ ጀርባ የቆመችው ሚኒባስ መሪዋ በቀኝ በኩል ነው፣ የሱቁ ታፔላ የተፃፈበት ፊደል ደግሞ እኛ ሀገር የለም። እኔ በስልኬ ያየሁትን ዐቃቤ ሕግ አያየውም ብለህ እንዳታስብ። ከመለጠፍህ በፊት ለአንድ ሰው ደውለህ ጠይቀህ ነበር? ቀበሌ፣ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ ማንንም? ከጠየቅክ በጣም ይጠቅምሃል፣ ምክንያቱም ለማጣራት በቂ ጥረት ያደረገን ሰው አዋጁ አይቀጣም፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝርህንም ያዘው።

ቅጣቱን ልንገርህ። መነሻው እስከ 1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ነው። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ፔጅ ሲሆን እስከ 3 ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። በዛ ምክንያት ሁከት ከተነሳ ግን ከ2 እስከ 5 ዓመት ፅኑ እስራት ነው። ስለዚህ ዋናው ክርክርህ እዚህ ጋር ነው፣ ልጆቹ የወጡት ያንተን ፖስት አይተው ነው ወይስ ቴሌግራሙ ላይ አይተው ቀድመው ወጥተው ነበር? በስንት ሰዓት እንደለጠፍክ፣ መስታወቱ በስንት ሰዓት እንደተሰበረ በደቂቃ ልቅም አርገህ ለጠበቃህ ንገረው። የቴሌግራሙን ቻት በድንጋጤ እንዳታጠፋ፣ ከየት እንዳገኘኸው የሚያሳይልህ እሱ ነው፣ ማጥፋትህ ራሱ ማስረጃ ደበቀ ያስብልሃል።

ፌስቡክን በተመለከተ፣ አዋጁ ጥቆማ ሲደርሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይላል፣ ግን የነሱ ኃላፊነት ያንተን አይቀንሰውም። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ተለጥፎ በጥቅምት 2014 ቤታቸው በር ላይ ተገደሉ፣ ልጃቸው የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ከሰሰ፣ የኬንያ ፍርድ ቤትም ጉዳዩን የማየት ስልጣን አለኝ ያለው በ2017 ነው። አባት ከተገደለ ከ3 ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። ይሄን የማነሳው ፔጅህ ላይ የሚወጣው ነገር ከስልክ ወጥቶ የሰው በር ድረስ እንደሚሄድ እንድታየው ነው።

ፖሊስ ጋ ስትሄድ ዝም የማለት መብት አለህ፣ የምትሰጠው ቃል ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ ይችላል፣ ያላነበብከውን አትፈርም። ከተያዝክ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ፣ ይሄ ሕገ መንግሥቱ አንቀፅ 19 ላይ ያለ ነው።

ሌላ አንተ ያልጠየቅከኝ ግን እኔ ዝም ብዬ የማላልፈው ነገር አለ፣ ባለሱቁ። ያ ሰውዬ በማያውቀው ነገር ነው ንብረቱ የወደመው፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ 2028 መሠረት ካሳ ሊጠይቅህም ይችላል። ሽማግሌ ይዘህ ሂድ፣ መስታወቱን አስገጥምለት። ክሱን አያስቀርም፣ ግን ከልብ ተፀፅቶ ጉዳቱን የካሰ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀፅ 82 ቅጣቱ ይቀልለታል። ፔጅህ ላይም ፎቶው ሐሰት እንደነበር የሚገልፅ ማስተባበያ ለጥፍ፣ አፃፃፉን ግን መጀመሪያ ከጠበቃህ ጋር ተስማሙበት። ቀጠሮህ ሐሙስ ስለሆነ እስከ እሮብ ድረስ ጠበቃ ጋ ተቀመጥ፣ የመክፈል አቅም ከሌለህ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብልህ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ጠይቅ።