ላባው የተመለጠ ፔንግዊን ሲያጋጥም

ጥያቄ፦ የምኖረው ኬፕታውን ነው። ሲሞንስታውን አካባቢ ባሕር ዳር ላባው እዚህም እዚያም የተመለጠ ፔንግዊን ድንጋይ ሥር ቆሞ አየሁ። በማግስቱም እዚያው ነበር። ወደ ውሃው ልመልሰው ወይስ ዓሣ ልስጠው?

መልስ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። እንዳሉት ከሆነ ወፉ ላባ እየቀየረ ነው። የአፍሪካ ፔንግዊን በዓመት አንዴ ላባውን በሙሉ ይቀይራል፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ላባው ውሃ ስለሚያስገባ ባሕር ቢገባ ብርዱ ይጎዳዋል። ስለዚህ ዓሣ አያድንም፤ ሳይበላ ይቆያል። ክብደቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ የሚያቆየው አስቀድሞ ያከማቸው ስብ ነው። ሰው ወይም ውሻ ባሯሯጠው ቁጥር ያንን ስብ ያቃጥላል። ራቅ ብለው ይለፉ፤ ውሻዎንም አስረው ይያዙ።

ደም ከታየበት፣ መንጠቆ ወይም ክር ከተጠላለፈበት፣ ዘይት ከነካው፣ ወይም አንገቱ ከተንቀጠቀጠ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሞንስታውን ባለው የፔንግዊኖች መራቢያ በቦልደርስ የወፍ ጉንፋን ስለተገኘ በባዶ እጅ አይንኩት። መጀመሪያ የባሕር ወፎችን ለሚታደገው ሳንኮብ ይደውሉ። አምጡት ካሉዎት ጓንትና መነጽር ያድርጉ፤ ከኋላው ፎጣ ጣል አድርገው ይያዙት፤ ከፊትዎም ያርቁት፣ መንቆሩ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ከዚያ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ፣ ጸጥ ያለ ጥላ ቦታ ያኑሩት። በረዶ የሚሞሉበት ሰዎች አሉ፤ ይህ ወፍ ግን የበረዶ አገር ወፍ አይደለም!

ዘይት የነካውን ቤት ውስጥ ማጠብ ደግሞ መግደል ማለት ነው። ባለሙያዎቹም ቢሆኑ መጀመሪያ ፈሳሽና ምግብ ሰጥተው ያጠናክሩታል፤ የሚያጥቡት ከዚያ በኋላ ነው። የሳሙና ቅሪት ላባው ላይ ከቀረ ውሃ መግባቱን አያቆምም፤ ስለዚህ ማለቅለቁ ከማጠቡ አያንስም። እ.ኤ.አ. በ2000 ትሬዠር የተባለችው መርከብ ስትሰምጥ ዘይት የነካቸው 19,000 ያህል ፔንግዊኖች ተሰብስበው አብዛኞቹ በዚሁ መንገድ ተርፈዋል።

ዛሬ ግን ዋናው ችግራቸው የዓሣ እጥረት ነው። ላባ ከመቀየራቸው በፊትም ሆነ በኋላ ሰርዲንና አንቾቪ የተባሉትን ትናንሽ ዓሦች በቅርብ ካላገኙ ይሞታሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 በእጅጉ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ተመዝግበዋል፤ የቀሩት ከ10,000 ጥንድ በታች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በስድስት የመራቢያ ሥፍራዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ በትልልቅ መረብ ማጥመድ ለ10 ዓመት ታግዷል። የዘገየ ነው፤ ግን ትክክለኛው እርምጃ ነው።

ጥያቄ፦ ለእነዚህ ፔንግዊኖች ሰው ሠራሽ ጎጆ እንደሚሠራላቸው ሰምቻለሁ፤ ለምን አስፈለጋቸው?

መልስ፦ ድሮ ጎጇቸውን የሚቆፍሩት በደሴቶቹ ላይ በተከመረው የወፍ ኩስ ውስጥ ነበር። ኩሱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለማዳበሪያ ተጠርጎ ተወሰደ። ሜዳ ላይ ሲፈለፍሉ ወላጆቹ ሙቀቱን መቋቋም ሲያቅታቸው ጥለው ይነሣሉ፤ እንቁላሉን ገል የተባለው የባሕር ወፍ ይወስደዋል። መጀመሪያ የተሠሩት የፋይበርግላስ ጎጆዎች ውስጣቸው እየጋለ አስቸገረ። አዲሶቹ ባለ ድርብ ግድግዳና የአየር ቀዳዳ ያላቸው፣ ውጫቸው ፀሐይን በሚመልስ ነጭ ቀለም የተቀባ ናቸው።