ቡድናችን ሲሸነፍ ሳቄ ይመጣል፤ ኃጢአት ይሆን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? እኔ ኳስ ብዙም አይስበኝም። የከተማችን ቡድን ተሸንፎ ሰው ሁሉ ፊቱን ሲያጠቁር ሳይ ግን ሳቄ ይመጣል። ቂም የለኝም፤ እንዲሁ ከዳር ሆኜ ሳያቸው ያስቁኛል። በቀደም ጓደኛዬ ስስቅ አይቶ ተቀየመኝ። ይህ ኃጢአት ነው? ንስሐ ልግባበት?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን ወንድሜ። ለኳስ ግድ ስለሌለህ የሚወቅስህ የለም። ቡድን መደገፍ የክርስቲያን ግዴታ አይደለም። ልብን ለጨዋታ አለመስጠት የሚያተርፍበትም ጊዜ አለ። በ532 እ.ኤ.አ. በቁስጥንጥንያ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የሚባሉት የሠረገላ ውድድር ደጋፊዎች በንጉሡ ላይ አብረው ተነሡ። በዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ቁጥር ከ30,000 በላይ ሰው አለቀ። የዚያን ጊዜዋ የሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያንም በተነሣው እሳት ወደመች። ብዙዎቹ የተጠመቁ ሰዎች ነበሩ።

እኔን ያሳሰበኝ ሳቁ ነው። የምትስቀው በጨዋታው አይደለም፤ ጨዋታውንማ አላየኸውም። የምትስቀው ባዘነ ሰው ፊት ነው።

ደጋፊዎችስ ይበሻሸቁ የለ እንዴ ትለኝ ይሆናል። አዎ፣ ብሽሽቅ አለ። ግን ዛሬ ያበሸቀው ነገ ተራው ይደርስና እሱም ይበሽቃል። አንተ ተራ የለህም። የምትሸነፍበት ቀን ስለሌለ ሁልጊዜ ሳቂው አንተ ነህ። ጓደኛህን ያስከፋው ይህ ይመስለኛል።

ዮናስን አስበው። ከነነዌ ወጣ፣ በምሥራቅ በኩል ዳስ ሠራ፣ ጥላው ሥር ቁጭ ብሎ ከተማዋ የሚደርስባትን ሊያይ ጠበቀ (ዮናስ 4፥5)። እርግጥ እዚያ የተፈራው የሕዝብ ጥፋት ነው፤ ከኳስ ሽንፈት ጋር አይወዳደርም። አቀማመጡ ግን ያንተን ይመስላል። ሰው ሲጨነቅ እሱ ተመልካች ነው። እግዚአብሔር የመለሰለት ስለ ሰዎቹ በመንገር ነው፤ ግራና ቀኛቸውን የማይለዩ ከ120,000 በላይ ሰዎች እንዳሉባት ነገረው። ከብቶቹን እንኳ አልረሳም።

እስቲ ራስህን ጠይቅ። ቡድኑ ሲያሸንፍና ሰው ሲጨፍር ምን ይሰማሃል? ምንም ካልመሰለህ፣ በእርግጥ ግድ የለህም ማለት ነው። ደስታቸው ካናደደህ ግን ውስጥህ ሌላ ነገር አለ፤ ምናልባት ቅናት፣ ምናልባት «እኔ እንደነዚህ አይደለሁም» የሚል ሐሳብ። ፈሪሳዊው በመቅደስ የጸለየው ይህንኑ ነበር (ሉቃስ 18፥11)። ይህ ከሆነ ለንስሐ አባትህ ንገራቸው።

ቅዱስ ጳውሎስ ከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ውድድር ይደረግ ለነበረው ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ፣ የሯጮቹን አክሊል የሚጠፋ አክሊል ብሎታል (1ኛ ቆሮ. 9፥25)። በሯጮቹ ግን አልሳቀም። ሰውነታቸውን መግዛታቸውን ለምእመናን ምሳሌ አደረገው። አንተም ዋንጫው አላፊ ነው ብለህ ማመን ትችላለህ። ግብ ጠባቂው ግን ኳሷ በእጆቹ መሐል ሾልካ ስትገባበት፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት መሬቱ ላይ ተዘርግቶ ሲቀር፣ እሱ ሰው ነው። ማልያውን ለብሶ ጉንጩ በእንባ የረጠበው ሕፃንም እንዲሁ።

ሳቅ በድንገት ቢያመልጥህ አትሸበር። አውቀህ የምታቆየውና ሰው ፊት የምታወጣው ነው ተጠያቂ የሚያደርግህ። «ከሚያለቅሱም ጋር አልቅሱ» (ሮሜ 12፥15) ሲባል ለቅሶው የሚገባ መሆኑን መጀመሪያ መዝኑ አልተባለም። አልቅስ አልልህም፤ ግን «ኳስ እኮ ነው፣ ምን አስጨነቃችሁ» ማለቱን ተወው። «አይዞህ» በል፣ ስለ ጨዋታው ጠይቀው፣ ሲያወራ ስማው።

ጓደኛህ ተቀይሟል ብለሃል። ጌታችን ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ብታስብ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሏልና (ማቴ. 5፥23-24)፣ ዛሬውኑ ደውልለት። «በሐዘንህ ስቄብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» በለው። «ቀልዴን ነው» የሚለውን አትጨምርበት።