በስሜ የጠፉ 41 መጻሕፍት

ይድረስ ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፤

እንደምን ሰንብተዋል? በአንዲት የክልል ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ የ31 ዓመት ሴት ነኝ። በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ዲግሪ አለኝ። አብረውኝ የተመረቁት አብዛኞቹ ባንክና ቴሌኮም ገብተዋል፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚሁ ውሰት ክፍል ነኝ። የቀረሁት መጽሐፍ ስለምወድ ነው። ቢያንስ መጀመሪያ ላይ እንዲያ ነበር።

ሥራ ስጀምር ከእኔ በፊት የነበሩት እናት ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ርክክብ ተባለና ከ3,000 በላይ መጻሕፍት የሚዘረዝር ወረቀት ፊቴ ተቀመጠ። «ሁሉም አለ ልጄ፣ ፈርሚ» አሉኝ። አዲስ ተቀጣሪ ነኝ፤ እናቴን የሚያህሉ ሰው ፊት እንዴት «አንድ በአንድ እንቁጠር» እላለሁ? ፈረምኩ።

ባለፈው ሰኔ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ ቆጠራ ተደረገና 41 መጻሕፍት ጎደሉ ተባለ። የተቆጠረው ከሁለት ዓመት በፊት ተለማማጅ ተማሪዎች ከአሮጌው መዝገብ ወደ ኤክሴል በገለበጡት ዝርዝር ነው። ንብረት ክፍል በዛሬ የገበያ ዋጋ እንድተካ ደብዳቤ ጽፎልኛል። መዝገቡ ላይ 12 ብር የሚል መጽሐፍ ዛሬ ስንት እንደሚሸጥ እርስዎ ያውቁታል።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁትን ብናገር ያፍሩብኛል። ልቦለዶቹን በሙሉ ከመደርደሪያ አንስቼ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩባቸው። የሚጠይቅ ሲመጣ «በውሰት ላይ ነው» እላለሁ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ በሦስተኛው «ታዲያ እዚህ የምትቀመጪው ምን ልትሠሪ ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። አዳራሹን የሚሞላው ለመልቀቂያ ፈተና የሚያጠና ተማሪ ነው፤ የራሱን ደብተር ይዞ ይመጣል፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በጃኬት ቦታ ይይዝና ስድስት ሰዓት ላይ ብቅ ይላል። ዳኝነቱ የእኔ ነው። ገጽ ቀዶ የሚሄድም አለ። መብራት ሲጠፋም የምሰደበው እኔው ነኝ።

ሌላም ልጨምር። ኮሃ የሚባል የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ሊገባልን ነው ተብሎ አዲስ አበባ ላይ የአምስት ቀን ስልጠና ነበር። የሄዱት ኃላፊያችንና የፋይናንስ ሠራተኛው ናቸው። ሰርተፊኬትና ቦርሳ ይዘው ተመለሱ። ኃላፊያችን «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ነካክተሽ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ። አበሉ ለእነሱ፣ ሥራው ለእኔ ሆነ።

አሁን አንድ የግል ትምህርት ቤት በተሻለ ደመወዝ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል። ክሊራንስ ግን በ41 መጻሕፍት ተይዟል። ከፍዬ ልገላገል ወይስ ልሟገት? ወይስ ሙያውን ጭራሽ ልተወው?

ፊርማዋ የታሰረባት፣ ከክልል ከተማ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ያናደደኝ የስልጠናው ነገር ነበር፤ በሁለተኛው ግን ዓይኔ «ተለማማጅ ተማሪዎች ወደ ኤክሴል በገለበጡት ዝርዝር» የምትለዋ ላይ ተተከለ። አንቺ በአንድ መስመር አልፈሻታል። እኔ 17 ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ ያለው መስመር እንቅልፍ ይነሳኛል።

እናም አትክፈዪ። ቢያንስ አሁን አትክፈዪ። የተባሉት 41 መጻሕፍት መጥፋታቸው ገና አልተረጋገጠም። የተረጋገጠው አንድ የኤክሴል ዝርዝርና አንድ መደርደሪያ አለመስማማታቸው ነው፤ ሊሳሳት የሚችለው ደግሞ ሁለቱም ነው።

ከዝርዝሩ እንጀምር። ተማሪዎቹ ሲገለብጡ አንዱ የደራሲውን ስም እንዳለ «አበበ ከበደ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ እንዳየው ገልብጦ «ከበደ፣ አበበ» ይላል። አንዱ ሽፋኑ ላይ ያለውን 1998 ዓ.ም. ይወስዳል፤ ሌላው ለማሻሻል ብሎ 2006 ያደርገዋል። አንዱ «ፀሐይ» ሲል ሌላው «ጸሀይ» ይላል። በነገራችን ላይ ይህችን አንዲት ቃል በሁለቱ «ጸ» እና በሦስቱ «ሀ» ብቻ በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ኮምፒውተር ደግሞ እንደ እኛ «ያው ነው» ብሎ አያልፍም፣ ስድስት ቃል ነው የሚያየው። እንዲህ ሆኖ አንድ መጽሐፍ ሁለት መስመር ላይ ይመዘገባል። ቆጣሪው መደርደሪያው ላይ አንድ ያገኛል፣ ዝርዝሩ ሁለት ይላል፣ «አንድ ጎደለ» ተብሎ በስምሽ ይጻፋል። ያ ሁለተኛው ቅጂ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ማረጋገጫው እጅሽ ላይ አለ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ማኅተሙ አጠገብ የገቢ ቁጥር አለው፤ ያ ቁጥር በአሮጌው የእጅ ጽሑፍ መዝገብ ላይም አለ። ኤክሴሉን ተይውና ከጎደሉት 41 እያንዳንዱን በገቢ ቁጥሩ ከአሮጌው መዝገብ ጋር አመሳክሪ። አንድ የገቢ ቁጥር ሁለት ቦታ ከተገኘ፣ ወይም ዝርዝሩ ላይ ያለው መጽሐፍ አሮጌው መዝገብ ላይ ጭራሽ ከሌለ፣ ገጹን ፎቶ አንሺና ያዢ።

ቀጥሎ መደርደሪያው። መጻሕፍትን በርዕሰ ጉዳይ በቁጥር በሚለየው የዲዊ አመዳደብ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ 892.87 ነው፤ የአማርኛ ቋንቋ ደግሞ 492.87። የመጀመሪያዋን አኃዝ ብቻ የሳተ ሠራተኛ ልቦለዱን ሰዋስው መካከል ይሸጉጠዋል፣ እዚያም ዓመት ሙሉ የሚፈልገው የለም። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው፤ 693 ተብሎ ከተጻፈ ከግንባታ መጻሕፍት ጋር ይከርማል። ስለዚህ አዳራሹ ጸጥ በሚልበት ሰዓት ጀርባዎቹን አንድ በአንድ እያነበብሽ ከ000 እስከ 999 ውረጂ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። በቀን አንድ መደርደሪያ ይበቃል።

ከዚያ ደግሞ ቢሮዎቹን ዙሪ። ይህን ስጽፍ ፈገግ እያልኩ ነው፤ በእኔ ዘመን የጠፋ መዝገብ ስንፈልግ ብዙውን ጊዜ የምናገኘው የኃላፊዎች መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሳይፈርም የሚወስድ ባለ ሥልጣን በየመሥሪያ ቤቱ አለ። «ጋሼ፣ ቆጠራ ላይ ስለሆንን እርስዎ ጋ የቀረ መጽሐፍ ካለ ብዬ ነው» ብትይ ማንም አይቀየምሽም።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ከ41ዱ የሚቀሩ ይኖራሉ። እነሱንም ለይተሽ ጻፊ፦ በውሰት መዝገቡ ላይ ተበዳሪ ያላቸው፣ ካንቺ ርክክብ በፊት እንደጠፉ ምልክት ያለባቸው፣ ምንም ፍንጭ የሌላቸው። ሦስቱን ባንድ አትቀላቅዪ። ተበዳሪ ያለው መጽሐፍ ተጠያቂው የወሰደው ሰው ነው፤ ለሕዝብ የሚዋስ መጽሐፍም በሞዴል 22 (በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) ወጪ ሆኖ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀመጥ ወንበር አይደለም፣ ሥራው መውጣትና መመለስ ነው። ይህን አብራርተሽ ለኃላፊሽ በማመልከቻ ጻፊ፤ ቆጠራው ንብረት ክፍል፣ አንቺና አንድ ሌላ ሠራተኛ ባሉበት ኮሚቴ እንዲደገም ጠይቂ። ማመልከቻሽ በመዝገብ ቤት ገቢ ይሁን፣ ቁጥርና ቀን የተመታበት ኮፒ ይዘሽ ውጪ። የቃል ንግግር በሐምሌ ይረሳል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ከደመወዝሽ እንቆርጣለን የሚል ደብዳቤ ከመጣ ግን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ጠበቃ አሳዪ።

ያልቆጠርሽውን በመፈረምሽ አልወቅስሽም፤ እኔም በ23 ዓመቴ እንዲሁ ፈርሜያለሁ። ግን ስህተት ነበር፣ በማመልከቻሽም አትደብቂው። «በይሉኝታ ሳልቆጥር ተረክቤያለሁ» ብሎ መጻፍ ያሳፍራል፤ ሌላ ሰው ፈልፍሎ ሲያወጣው ግን ከዚህ የባሰ ያሳፍራል።

ስለ ስልጠናው። አበል ተቀብሎ ሰርተፊኬት ይዞ መምጣት በየመሥሪያ ቤቱ ያለ በሽታ ነው፤ እኔና አንቺ በደብዳቤ አንፈውሰውም። ኃላፊሽን ግን አንድ ነገር ልትጠይቂያቸው ትችያለሽ፦ የተሰጣቸውን የስልጠና ጽሑፍ። ቦርሳው ውስጥ ነው፣ ምናልባትም ሳይገለጥ። የማኅበር ስብሰባ ላይ ሳይሆን ለብቻቸው፣ በአክብሮት ጠይቂያቸው፤ ቢከለክሉሽ ይገርመኛል።

ኮሃን ፍርሃት አታድርጊው። ኒውዚላንድ ውስጥ ለአንድ አነስተኛ የአካባቢ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረ ነው። ነጻ ነው፤ ስሙም በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። ኢንተርኔት ባይኖርም በአንድ ኮምፒውተርና በውስጥ መስመር ይሠራል። ጽሕፈት ቤት ጥግ የተጣለ ደህና ኮምፒውተር ካለ ለምኚ፤ በቅርብሽ ዩኒቨርሲቲ ካለም ከዓመት ፈቃድሽ ሁለት ቀን ወስደሽ የቤተ መጻሕፍቱ የካታሎግ ሠራተኞች አጠገብ ተቀመጪ። ከአምስት ቀን የሆቴል አዳራሽ ይበልጥ እዚያ ትማሪያለሽ። በብዛት ከሚጠየቁት 200 መጻሕፍት ጀምሪ። ደራሲ ስታስገቢ የስሙ ዓይነት የሚጠየቅበት ቦታ ላይ 0 ከሆነ በመጀመሪያ ስም፣ 1 ከሆነ በቤተሰብ ስም ማለት ነው። ለእኛ ሰው 0 ነው፤ አባቱን አታስቀድሚበት። የዓመተ ምሕረቱንና የሞክሼ ፊደላቱን ነገር ደግሞ በአንድ ገጽ ወስነሽ ግድግዳ ላይ ለጥፊ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ተለማማጅ በራሱ ፈሊጥ አይጽፍም። በየሳምንቱ አርብ ኮሃ ላይ ያስገባሽውን ኮፒ አድርገሽ ፍላሽ ላይ አውጥተሽ ሌላ ቢሮ አስቀምጪ። መብራቱን አውቀዋለሁና።

አየሽ፣ ሁለቱ ችግሮችሽ አንድ ናቸው። ስም አጻጻፉን፣ ዓመቱን፣ ምድቡን የሚያስተካክለው እጅ ነው 41ዱን የሚያገኛቸው። ንብረት ክፍል ይህን አያውቅም፣ ፋይናንሱም አያውቅም፤ አንቺ ተምረሽዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1990 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤት ለአፍሪካ በሙሉ የመረጃ ባለሙያ እንዲያፈራ ታስቦ ነበር። ባንክ የገቡት ጓደኞችሽ ከዚያ ሙያ የተረፈውን ይዘው ሄደዋል፤ አትቅኚባቸው፣ ብዙዎቹ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት የይለፍ ቃል መቀየር ነው።

ስለ ገጽ ቀዳጆቹ አጭር ነገር፦ በስልክ ፎቶ ማንሳት ከልክለሽ ከሆነ ፍቀጂ። ፎቶ ያነሳ አይቀድም። ለጃኬቶቹም ግማሽ ሰዓት ባዶ የቆየ ወንበር ለመጣ ሰው ይሰጣል የሚል ወረቀት ኃላፊሽ ፈርመው ይለጠፍ፤ ያን ጊዜ ተማሪው የሚጣላው ከወረቀቱ ጋር ይሆናል።

ትምህርት ቤቱ የተሻለ የሚከፍል ከሆነ ሂጂ፤ ለሙያ ፍቅር ሲባል በትንሽ ደመወዝ ቆዪ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቂ። ለቀጣሪው እውነቱን ንገሪው፣ ቆጠራው እስኪደገም አንድ ሁለት ወር እንዲጠብቅሽ ጠይቂ። እዚያም የርክክብ ወረቀት ፊትሽ ሲቀርብ ብዕሩን አስቀምጪና እያንዳንዱን መጽሐፍ በገቢ ቁጥሩ ጥሪ። ይስቁብሽ። ሦስት ቀን ቢፈጅም ይፍጅ።

አንድ ነገር ግን አላልፍልሽም፣ እሱም ቁም ሳጥኑ ነው። «በውሰት ላይ ነው» እያልሽ ለዚያች ልጅ የዋሸሽው ንብረት ክፍል ስላዘዘሽ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ክፈችውና ልቦለዶቹን ወደ ቦታቸው መልሺ፤ ልጅቷ ስትመጣ ስሟንና ክፍሏን በውሰት መዝገቡ ላይ ጽፈሽ፣ አስፈርመሽ፣ የፈለገችውን ስጫት። አራተኛ ጊዜ ከመጣች ነው እንግዲህ። ካልመጣች የትምህርት ቤታቸውን መምህር ጠይቀሽ መልእክት ላኪባት።

ማመሳከሩን ስትጨርሺ ከ41ዱ ስንቱ እንደቀረ ጻፊልኝ። እኔ ከ15 አይበልጥም ባይ ነኝ።