የጠርሙስ መብራት፦ ከጎንደር አንባቢዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

በባዶ የማርማላታና የማር ጠርሙስ መብራት ስለመሥራት ከጎንደርና ከዙሪያዋ የደረሱን ጥያቄዎች በርከት ብለዋል። አብዛኛው ጠያቂ ጠርሙሱን ይጠረጥራል። ጥፋቱ ያለው ግን በአብዛኛው ክሩ ላይ ነው።

«ከማርማላታ ጠርሙስ ኩራዝ ሠራሁ። መጀመሪያ ጥሩ ይበራል፤ ቆየት ሲል ይጨስና ግድግዳውን ጥቀርሻ ያለብሰዋል። ላምባው ሳያልቅም እየደበዘዘ ይጠፋል።» (ከአዘዞ)

እነዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የሚጨሰው ክሩ ከቱቦው አፍ በላይ ስለረዘመ ነው። የረዘመ ክር ነበልባሉ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ላምባ ይስባል፤ የተረፈው ጥቀርሻ ሆኖ ይወጣል። ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ አስቀርተው በመቀስ ቀጥ አድርገው ይቁረጡት። ከጫፉ አንዲት ፈትል እንኳ ወደ ጎን ካፈነገጠች ነበልባሉ በዚያ በኩል ቀንድ ያወጣል፤ ጭሱም የሚነሳው ከዚያ ነው። ከማብራትዎ በፊት የከሰለውን ጫፍ ያራግፉ።

የሚጠፋው ደግሞ በአየር እጦት ነው። ክዳኑ ድፍን ከሆነ ላምባው ሲቀንስ ቦታውን የሚተካ አየር አይገባም፤ ክሩም መሳብ ያቅተዋል። ከቱቦው 2 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለው በቀጭን ሚስማር 1 ሚሊ ሜትር የሚያህል ቀዳዳ ይብሱ። ከዚያ ከሰፋ ኩራዙ ሲገለበጥ ላምባው በዚያው ይፈሳል።

ቀዳዳ እያለውም ከጠፋ ክሩን ይመርምሩ። አንዲት ዘለላ ለኩሰው ይዩ። ጥጥ ከሆነ እንደተቃጠለ ወረቀት ይሸትና ብን የሚል አመድ ይሆናል። ናይለን ያለበት ከሆነ ግን ይኮማተርና ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይቋጥራል። ቱቦው ውስጥ ተጋግሮ መንገዱን የሚዘጋው ይኸው ነው። ቅዳሜ ገበያ ከወጡ ላላ ተደርጎ የተፈተለ ጥጥ ይግዙና ሦስት ላይ ይሸርቡት። ቱቦውን ከጣሳ ቆርቆሮ ቆርጠው 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ሚስማር ላይ ቢጠቀልሉት ልኩ ነው። ክሩ ቀስ ተደርጎ ሲጎተት የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጠብቋልና ያሳሱት። እየተንጣጣ ከበራ ደግሞ ላምባው ውሃ ገብቶበታል። ለአንድ ሌሊት ያስቀምጡት፤ ውሃው ከታች ይዘቅጣል፣ ላምባውን ከላይ ይቀዳሉ።

ጠርሙሱን ከሦስት አራተኛ በላይ አይሙሉ፤ እየበራም አይጨምሩበት። አሸዋ የተደረገበት ሰፊ የሸክላ ሳህን ላይ ያስቀምጡት። እውነቱን ለመናገር ለላምባ የቆርቆሮ ኩራዝ ከጠርሙስ ይሻላል ባዮች ነን፤ ቢወድቅ አይሰበርም። የጠርሙስ ብልጫው የቀረው ላምባ መታየቱ ብቻ ነው።

«ላምባ ሲጠፋ ትንሽ ቤንዚን ቢቀላቀልበትስ?» (ከአራዳ)

አይሆንም፣ ትንሽም ቢሆን። ላምባ እሳት የሚይዝ እንፋሎት የሚሰጠው ቢያንስ 38 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ይሰጣል። ስለዚህ የጎንደር ብርድ ምንም ቢበረታ ቤንዚን የነካው ኩራዝ ክብሪት የሚጠብቅ እንፋሎት አለው። ቤንዚን በነበረበት ጀሪካን የተቀዳ ላምባም ያው ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ያሽትቱት። እሳት ከተነሳ ውሃ አይድፉበት፤ ላምባ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ እሳቱን ያሰፋዋል። አሸዋ ይበትኑበት ወይም በእርጥብ ብርድ ልብስ ያፍኑት።

«በምግብ ዘይት የሚሠራ አለ ይባላል። ሞከርኩት፤ ለኮስ ይልና ይጠፋል።» (ከማራኪ)

በኩራዝ አሠራር ከሞከሩት ሊበራ አይችልም። ዘይት ወፍራም ስለሆነ እንደ ላምባ ረጅም ክር አይወጣም፤ ከዘይቱ ወለል እስከ ነበልባሉ ያለው ርቀት ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር ሊበልጥ አይገባም። ስለዚህ ክሩን ማንሳፈፍ ነው። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ ውሃ ያድርጉበትና 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዘይት ከላይ ያፍሱበት። የጠርሙስ ቡሽ በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቆርጠው በፎይል ይጠቅልሉት፤ መሐሉን በስተው 2 ሴንቲ ሜትር የጥጥ ክር ያሳልፉ። ክሩ ከላይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ አይታይ፤ ከመለኮስዎ በፊትም ዘይት ይጥገብ። ዘይቱ ሲያልቅ ክሩ ውሃ ይነካና መብራቱ በራሱ ይጠፋል፤ የዚህ መብራት ደግነቱ እዚህ ላይ ነው።

የዘይቱ ዓይነት ለውጥ አለው። የሚረጋው የፓልም ዘይት በጎንደር ሌሊት ይጠጥርና ክሩ ይራባል። የኑግ ዘይት በደንብ ይበራል፤ ነገር ግን አየር ሲያገኘው የሚደርቅና የሚያጣብቅ ጠባይ ስላለው ክሩን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል። ፈሳሽ የሱፍ ዘይት ካለዎት ከፓልሙ ይልቅ እሱን ይጠቀሙ። ተንሳፋፊ ክር ላምባ ላይ ግን በፍጹም አይሞክሩ። አፉ ክፍት በሆነ ጠርሙስ ውስጥ የላምባው ወለል በሙሉ ሊቀጣጠል ይችላል።

«ለካፌያችን አምፖል በጠርሙስ ውስጥ አንጠልጥለን ነበር። በየጊዜው ይቃጠላል።» (ከፒያሳ)

ሙቀት ነው የሚያቃጥለው። የኤልኢዲ አምፖል ብርሃኑ ባያቃጥልም አንገቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ይሞቃል፤ በታፈነ ጠርሙስ ውስጥ ዕድሜው ያጥራል። ከ5 ዋት አይበልጡ፤ ክዳኑ ላይም በፖርታላምፓው ዙሪያ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው ስድስት ቀዳዳዎች ያውጡ። ክዳኑን እንጨት ላይ ገልብጠው ከውስጥ ወደ ውጭ ቢበሱት ሹሉ ጠርዝ ወደ ውጭ ይቀራል፤ እሱን በሞረድ ያስተካክሉ። ገመዱ የሚገባበት ቀዳዳ ግን የግድ ጎማ ይልበስ። ቆርቆሮው ልባሱን ቀስ በቀስ ከበላው ክዳኑ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል፤ ናስትሮ መጠቅለል ለዚህ አይበቃም። ገመዱ ባለ ሁለት ልባስ፣ ውፍረቱም 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ጠርሙሱን በራሱ በገመዱ አያንጠልጥሉት፤ አንገቱን በሽቦ አስረው ክብደቱን ሽቦው ይሸከመው።

«ጠጅ ስንጥል የሚተርፈውን ሰፈፍ በጠርሙስ ሻማ ማድረግ ይቻላል?» (ከቅዳሜ ገበያ አካባቢ)

ይቻላል፤ መዓዛውም ደስ ይላል። ሰፈፉን በብዙ ውሃ አፍልተው በሻሽ ያጥልሉትና ይቀዝቅዝ፤ ከላይ የረጋውን ሰም አንስተው ከሥሩ የያዘውን ቆሻሻ ይፋቁ። ማር ከቀረበት ስለሚንጣጣ ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ከዚያ የፈላ ውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡት። በጎንደር ከፍታ ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ለሚቀልጠው ሰም ከበቂ በላይ ነው። 200 ሚሊ ሊትር ለመሙላት 190 ግራም ያህል ሰም ይበቃል። የጧፍ ክር ለዚህ ይቀጥናል፤ መሐሉን ብቻ ጉድጓድ አድርጎ ይሰጥማል። የተሸረበ ወፍራም ጥጥ ሰም አጠጥተው መሐል ላይ ይትከሉ። ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ አሙቀውና አድርቀው ይቅዱበት፤ ተራ ጠርሙስ በድንገት ከ40 ዲግሪ በላይ የሙቀት ልዩነት ካገኘው ይሰነጠቃል። ሰሙ 1 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ያጥፉት፤ ነበልባሉ መቀመጫውን ከነካ የሚፈነዳው ከሥሩ ነው።