ሞቶ የተወለደ ወንድሜን የትኛው መዝገብ ላይ ልፈልገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። የቤተሰቤን የዘር ሐረግ እየጻፍኩ ነው። ከእኔ በፊት፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ እናቴ ሐኪም ቤት ወንድ ልጅ ሞቶ ተወልዶባት እንደነበር አክስቶቼ ሹክ ብለውኛል። እናቴ አርፋለች። ቀበሌ ብጠይቅ የለም፣ ደብሩም የለም። ወረቀት የሚባል ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ቀበሌውም ደብሩም አልዋሹሽም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ደብሩ ጋም ቢሆን ክርስትና የሚነሳው ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀኗ ነው፤ ሳይጠመቅ የሄደ ሕፃን ክርስትና መዝገብ ላይ ከየት ይመጣል?

የቀረሽ ሐኪም ቤቱ ነው። የማዋለጃ ክፍል መዝገብ የሚሞላው በእናትየው ስም ስለሆነ የልጁን ስም አትፈልጊ፣ ስምም አልወጣለትም። የሐኪም ቤት መዝገብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፦ እናትሽ ፀሐይነሽ ከሆኑ ስማቸው በላቲን ፊደል ሦስት አራት ዓይነት ሆኖ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁሉንም ሞክሪ፣ የአባታቸውንም ስም ያዢ፣ በባልየው ስም ግን አትድከሚ። ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ስለሚችል ሰባት ስምንት ዓመት መደመር እንዳትረሺ። የእናትሽ የድሮ የሐኪም ቤት ካርድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ከተገኘማ የካርድ ቁጥሩ ብዙ ድካም ያቀልልሻል።

ግን መዝገብ ቤት ከመሄድሽ በፊት አክስቶችሽ ጋ ቁጭ በይ። ቡና አፍይላቸው። «በስንት ዓ.ም. ነበር?» ብለሽ አትጀምሪ፤ ማን ዓመተ ምሕረት ያስታውሳል? ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ውሃ ተሞልቶ ነበር ወይ፣ እነማን አብረው አረገዙ፣ የጎረቤት ልጅ ማን ያኔ ተወለደ? የዚያ ልጅ ዕድሜ ከታወቀ ዓመቱ ተገኘ ማለት ነው። ሁለት ነገር ደግሞ ሳትጠይቂ እንዳትነሺ፦ ስንት ወር ደርሶ ነበር፣ ሲወለድስ አልቅሶ ነበር ወይ? አልቅሶ ከነበረ ሞቶ የተወለደ አይደለም፣ ተወልዶ የሞተ ነው፤ ሐረጉ ላይም አጻጻፉ ይለያል። ካላለቀሰ «ወንድ፣ ሞቶ የተወለደ» ብለሽ በእናትሽ ሥር፣ በተራው፣ ከአንቺ በፊት አስገቢው። ስም ከራስሽ አታውጪለት። ዓመቱ ግምት ከሆነም ግምት መሆኑን ጻፊ።

አንዷ አክስት ዝም ካለች አትጎትጉቻት። ለእሷ የእህቷ ሐዘን ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ጎንደር ማራኪ ነኝ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ታናሽ እህቴ እ.ኤ.አ. በ1981 ለንደን ሞቶ የተወለደ ልጅ ነበራት። እሷም ባሏም አልፈዋል፤ አንድ ልጅ እዚያው አለቻት። እኔ ከዚህ ሆኜ ማስረጃውን ማስወጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ጋሼ፣ እርስዎ አይችሉም፣ የእህትዎ ልጅ ግን ትችላለች። እንግሊዝና ዌልስ ሞቶ የተወለደ ልጅን ለብቻው መመዝገብ የጀመሩት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 1927 ነው፤ መዝገቡ እንደ ልደትና ሞት መዝገብ ለማንም ክፍት አይደለም። የሚጠይቁት ወላጆች ናቸው፣ ወላጆች ካለፉ ደግሞ ወንድም ወይም እህት። ስለዚህ ለአጠቃላይ መዝገብ ቤቱ (General Register Office) የምትጽፈው እሷ ትሁን።

እርግዝናው ስንት ወር ደርሶ እንደነበርም ይጠይቁ። ያኔ የሚመዘገበው 28 ሳምንት የሞላው ብቻ ነበር፤ ወደ 24 የወረደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። የእህትዎ ልጅ ከ28 ሳምንት በታች ከነበረ እዚያ መዝገብ ላይ አይኖርም። ይህም ባይሳካ የመቃብር ቦታዎች የቀብር መዝገብ አለ። ብዙ ጊዜ ሐኪም ቤቱ ራሱ ያስቀብር ስለነበር እህትዎ የትኛው ሐኪም ቤት እንደወለደች ካወቁ፣ ልጅቷ በአካባቢው ያለውን ማዘጋጃ ቤት በእናቷ ስም ትጠይቅ።