በጀርባው ወይስ በሆዱ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ሲሆን የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስት ሳምንት ሆኖኛል። አዋላጇ ሕፃኑን ሁልጊዜ በጀርባው እንዳስተኛው መክራኛለች። ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴ ግን «ሲያቀረሽ ትን ይለዋል፤ በሆዱ ወይም በጎኑ ይተኛ» ትላለች። አዋላጇ ይህን ምክር ለሕዝብ ያደረሰችው ልጇ የሞተባት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ እንደሆነች ነግራኛለች። ጋዜጠኛዋ ማን ናት? እናቴንስ እንዴት ላሳምናት?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችዎ። ጋዜጠኛዋ ወይዘሮ አን ዳይመንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 በበርሚንግሃም የተወለዱ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ በማለዳ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢነታቸው እንግሊዝ በሙሉ ያውቃቸው ነበር። በጁላይ 1991 የአራት ወር ልጃቸው ሰባስቲያን አልጋው ላይ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ቤተሰቡ ጋዜጠኞች ከቀብሩ እንዲርቁ ቢማጸንም፣ አንድ ብዙ አንባቢ ያለው ጋዜጣ የቀብሩን ፎቶግራፍ በፊት ገጹ አወጣው፤ ወይዘሮዋም ይህን በደል ከ20 ዓመት በኋላ የብሪታንያን ፕሬስ ይመረምር በነበረው በሌቭሰን አጣሪ ጉባኤ ፊት ቀርበው ተናግረዋል።

ሐዘኑ ሳይበርድላቸው ወደ ኒውዚላንድ ተጓዙ። በዚያ ኤድ ሚቸልና ባልደረቦቻቸው በ1987 የጀመሩት ሰፊ ጥናት ሕፃንን በሆዱ ማስተኛት፣ የእናት ሲጋራ ማጨስና ጡት አለማጥባት ጤነኛ የሚመስል ሕፃን ምክንያቱ ሳይታወቅ በእንቅልፉ የሚሞትበትን ድንገተኛ ሞት እንደሚያበዙ አሳይቶ፣ አገሪቱም ወላጆችን ማስጠንቀቅ ጀምራ ነበር። የሚያንገበግበው ግን በእንግሊዝም ቢሆን የብሪስቶሉ ፕሮፌሰር ፒተር ፍሌሚንግና ባልደረቦቻቸው በ1990 ተመሳሳይ ውጤት ማሳተማቸው ነው፤ ዕውቀቱ በሐኪሞች መጽሔት ውስጥ ነበረ፣ በእናቶች ጆሮ ግን አልነበረም። ኋላ በ2005 የታተመ ግምገማ፣ የተበታተኑት ጥናቶች ቀደም ብለው ተሰብስበው ቢመረመሩ ኖሮ አደጋው በ1970 ሊታወቅና በብሪታንያ ብቻ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር አስልቷል።

ስለዚህ ወይዘሮ ዳይመንድ አዲስ ነገር አላገኙም፤ የታወቀውን ለሕዝብ እንዲነገር የጤና ባለሥልጣናቱን ወጥረው ያዙ እንጂ። በዲሴምበር 1991 መንግሥት የደገፈው ዘመቻ ሲጀመር በቴሌቪዥን ማስታወቂያው ላይ የቀረቡት ራሳቸው ነበሩ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሟቾቹ ቁጥር ከግማሽ በታች ወረደ። የሕፃናት ሐኪሞች ኮሌጅም ሐኪም ሳይሆኑ ሜዳሊያውን ሸልሟቸዋል።

ወደ እናትዎ ስጋት ልመለስ። ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ለብዙ ዓመታት የምዕራባውያን ሐኪሞችም ይህንኑ ፍርሃት ይዘው «በሆዱ አስተኙ» ሲሉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሕፃኑ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ስለሚሆን፣ ያቀረሸው ወተት ወደ ላይ ካልወጣ በቀር አየር ቧንቧው ውስጥ አይገባም፤ በሆዱ ሲተኛ ግን ቦታቸው ይገለበጣል። ይህን በወረቀት ላይ ሥለው ቢያሳዩአቸው ከክርክር ይሻላል። በጎን ማስተኛትም መፍትሔ አይደለም፣ ሕፃኑ በቀላሉ በሆዱ ይገለበጣልና። የጭንቅላቱ ቅርጽ ያሳስባቸው እንደሆነ፣ ነቅቶ ሳለ እያዩት በሆዱ ያስተኙት፤ አንገቱም ይጠነክርለታል።

ትራስና ወፍራም ብርድ ልብስ ከአልጋው ይውጣ። ስስ ብርድ ልብስ ካለበሱት እግሩ የአልጋውን ግርጌ እንዲነካ ዝቅ አድርገው ያስተኙት፣ ልብሱም ከትከሻው አይለፍ። በቤት ውስጥ ማንም አያጭስ፣ ሕፃኑን ታቅፎም ሶፋ ላይ አያንቀላፋ። በጀርባው መተኛት አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ለዚህ ነው ልጅ የሞተበትን ወላጅ «ምን አድርገህ ነው?» ብሎ መጠየቅ የማይገባው። ሕፃኑ አዘውትሮ የሚያስመልሰው ከሆነ አተኛኘቱን ከመለወጥዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ።